ይኼ ኪኒን ስንት ዓመት ይጨምርልኛል?

መንዝ ውስጥ ያረጀ ሰው ዕድሜ አይመኝም፤ ቢያንስ በአፉ አይመኝም። ከድንጋይ ካቡ ሥር ባናውን ደርቦ ፀሐይ የሚሞቀውን ሽማግሌ «እንዴት አደሩ?» ቢሉት «ምን አድራለሁ ልጄ፣ ሞት ረሳኝ እንጂ» ይላል። ባልቴቷም «አበዛሁት፤ አሁንስ ቢሰበስበኝ» ትላለች። መሐል ሜዳ ተወልጄ፣ እዚያው አድጌ፣ እዚያው ባዮሎጂ የማስተምር ሰው ነኝና ይህን ንግግር ከሰላምታ ለይቼው አላውቅም ነበር። ዕድሜ ሰጪው የሚሰፍረው ነው። ጨምርለት ማለት ለሌላው ሲሆን ምርቃት ነው፤ ለራስ ሲሆን ግን ስስት ይመስላል።

የእኔን ልናገር። ሞትን አጥብቄ እፈራለሁ። ልጅ ሳለሁ ሌሊት ጅብ ሲጮህ የሚያስፈራኝ ጅቡ አልነበረም፤ ይህን ሁሉ የማልሰማበት ቀን ይመጣል የሚለው ሐሳብ ነበር። አድጌ፣ ተምሬ፣ የስንቱን ቀብር አፈር አልብሼ እንኳ ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። መቶ ዓመት፣ ቢቻል ሁለት መቶ ዓመት መኖር እፈልጋለሁ። ለንስሐ አባቴ እንኳ ደፍሬ የነገርኳቸው በቅርቡ ነው። ክፍል ውስጥም ስለ እርጅና የሚያወራው ትምህርት ላይ ስደርስ ድምፄ እንዳያሳብቅብኝ ቶሎ አልፌው እሄድ ነበር።

አፌን ያስፈታችኝ አያቴ ናት።

የአባቴ እናት ናት፣ ያሳደገችኝም እሷ። ሁላችንም እማዬ እንላት ነበር። አንድ ጠዋት ራሷን አዙሯት ምድጃው አጠገብ ወደቀች፤ ተሸክመን ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ግፊቷ ሲለካ እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘ። ነርሷ ኪኒኑን እያሳየቻት «እማማ፣ ይኼን በየቀኑ ጠዋት ጠዋት ይወስዳሉ። አሻለኝ ብለው እንዳያቆሙ» አለቻት። አያቴ እሽጉን ተቀብላ መዳፏ ላይ ገለባበጠችው፤ እያንዳንዷን ፍሬ በአውራ ጣቷ ጥፍር እየዳሰሰች ቆጠረች። ከዚያ ቀና ብላ፦

«ይኼ ኪኒን ስንት ዓመት ይጨምርልኛል?»

ነርሷ ፈገግ አለች። «ዕድሜማ የእግዜር ነው እማማ፤ ይኼ ግፊቱን ለመያዝ ነው።»

«እሱማ የእግዜር ነው። እኔ የጠየቅሁሽ ስለ ኪኒኑ ነው።»

ትናንት ማታ «ሞት ረሳኝ» ያለችው ሴት ናት ይህን የጠየቀችው። ጥያቄው መልስ ያለው፣ በቁጥር የሚመለስ ጥያቄ ነበር፤ እኔ ደግሞ የባዮሎጂ መምህር ሆኜ መልሱን አላውቀውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚህ ነገር ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ያዝሁ።

መጀመሪያ የገጠመኝ ነገር የእሷን ዕድሜ አለማወቃችን ነው። የሕክምና ካርዱ ላይ «ዕድሜ» የሚል ቦታ አለ። «ጣሊያን ሲገባ እናቴ እኔን አርግዛ ነበር» አለች። ጣሊያን የገባው በ1928 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ደምረን ጻፍነው። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ስለሆነ፣ የእሷ ትውልድ የተወለደበትን ቀን የሚያውቀው በጦርነት፣ በድርቅና በንጉሥ ነው። በ2005 ዓ.ም. አንድ የኦሮሚያ አባት 160 ዓመት ሆነኝ ብለው በቴሌቪዥን መታየታቸውን ብዙ ሰው ያስታውሳል፤ የልደት ማስረጃ ግን አልነበራቸውም። ሳውል ኒውማን የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ ግዛቶች የልደት ምዝገባ ሲጀመር ከ110 ዓመት አልፏቸዋል የሚባሉ ሰዎች ቁጥር ክፉኛ እንደወረደ ጽፏል። በማስረጃ ተጣርቶ ከሁሉ በላይ የኖሩት ፈረንሳዊቷ ዣን ካልማን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲያርፉ 122 ዓመታቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ እሳቸውን ያለፈ የለም።

ለእኛ አገር ሰው እነዚህ ቁጥሮች ትንሽ ናቸው። ማቱሳላ 969 ዓመት እንደኖረ፣ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ 562 ዓመት እንደኖሩ ስንሰማ ነው ያደግነው። ረጅም ዕድሜ አያስደንቀንም፤ የአባቶችና የቅዱሳን ድርሻ አድርገን ነው የምናየው። የንስሐ አባቴ ምኞቴን ስነግራቸው አልተቆጡኝም። «መኖር መፈለግ ኃጢአት አይደለም ልጄ፤ ሌላውን ረስቶ መኖር ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ እፎይ ብዬ ማንበቤን ቀጠልሁ።

ሁለተኛው ነገር ልቤን ነካው። አያቴ ከወለደቻቸው ልጆች እኩሌታውን ቀብራለች። አንዱን ኩፍኝ፣ አንዱን ትክትክ፣ ሌሎቹን ተቅማጥና ስሙን የማታውቀው ትኩሳት ወሰደባት። ፊቷ ላይ በልጅነቷ የያዛት ፈንጣጣ ቦርቡሮት የሄደው ጠባሳ ነበር፤ ስትስቅ ጉንጮቿ ላይ ጎልቶ ይታይ ነበር። እኔ ፈንጣጣ የያዘው ሰው አይቼ አላውቅም። ተማሪዎቼማ ቃሉን የሚያውቁት ለስድብ ነው። ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ አገራችን ውስጥ የተጀመረው በጥር 1963 ዓ.ም. ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ከታቢዎቹ መኪና የማይደርስበትን ደጋ በእግር፣ በበቅሎ፣ ኋላም በሄሊኮፕተር አዳረሱት። የመጨረሻው ሕመምተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በደቡብ ምሥራቅ ቆላ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ ውስጥ አንድም ሰው በፈንጣጣ አልሞተም።

በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008ቱ ጥናት ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። መሐሉ ላይ የሆነውን የእኛ አገር ሰው በዓይኑ አይቷል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሱና አንድ ዓመት የሠለጠኑ ወጣት ሴቶች፣ የክትባት ሣጥን ተሸክመው በውርጭ ከጎጥ ጎጥ ሲዞሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1960 አገራችን ውስጥ የተወለደ ሕፃን አማካይ የመኖር ተስፋው 40 ዓመት አይሞላም ነበር፤ ዛሬ ከ65 አልፏል። ሳይንስ ዕድሜ ይጨምራል ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ የመጀመሪያው መልሴ ይኸው ነው፤ ጨምሯል፣ እኛው ቤት ውስጥ።

ግን አንድ ነገር ልብ ማለት ያሻል። ያ 40 ዓመት ሰው ሁሉ በአርባ ዓመቱ ይሞት ነበር ማለት አይደለም። ከልጅነት ሞት ያመለጠ ሰው ዱሮም ሰባና ሰማንያ ሊደርስ ይችል ነበር፤ አማካዩን ወደ ታች የጎተቱት ሕፃናቱ ናቸው። እስካሁን የተጨመረው ዕድሜ በአብዛኛው በፊተኛው ጫፍ፣ ሊሞቱ የነበሩ ልጆች ሳይሞቱ በመቅረታቸው የተገኘ ነው። እርጅና ራሱ አልተነካም። እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ጎምፐርትዝ እ.ኤ.አ. በ1825 የሟቾችን መዝገብ ሲመረምር ሞት በዕድሜ ላይ ሥርዓት ባለው መንገድ እንደሚጨምር አገኘ፤ ዛሬ እንደምናውቀው አዋቂ ሰው የመሞት ዕድሉ በየስምንት ዓመቱ ገደማ በእጥፍ ያድጋል። ስለዚህ አንድን በሽታ ብቻ ነጥሎ ማጥፋት የሚሰጠው ዓመት የሚያሳዝን ያህል ጥቂት ነው። ካንሰር ሁሉ ነገ ቢጠፋ በበለጸጉት አገሮች አማካይ ዕድሜ ላይ የሚጨመረው ሦስት ዓመት ያህል ብቻ እንደሆነ ሊቃውንቱ አስልተዋል። የጣሪያው ጓሳ በሙሉ ከበሰበሰ አንዱን ቀዳዳ ብትደፍነው ውሃው በሌላው ይገባል።

ጓሳውን በሙሉ መቀየር ይቻል ይሆን? እዚህ ላይ ያነበብሁት ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል።

ጓሳ ሜዳ ላይ ያደገ ልጅ ፍልፈልን ያውቃል። ጉድጓዷ አፍ ላይ አፈር ስትገፋ ቀይ ቀበሮ አድፍጦ ሲጠብቃት አይተናል። የእሷ የሩቅ ዘመድ የሆነች፣ በኦጋዴን፣ በሶማሊያና በኬንያ ቆላ ከመሬት በታች የምትኖር ጸጉር አልባ ፍልፈል አለች። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1842 ለሳይንስ ሲያስተዋውቃት ናሙናዋ የመጣው ከሸዋ ነው ብሎ ጽፏል። ክብደቷ ከአይጥ ብዙም አይበልጥም። አይጥ ቢበዛ ሦስት፣ አራት ዓመት ትኖራለች፤ ይቺ ግን ከ30 ዓመት በላይ ትኖራለች። እ.ኤ.አ. በ2018 እነ ሮሼል ባፈንስታይን ከ3,000 በላይ የሚሆኑትን መዝገብ መርምረው ያወጡት ጽሑፍ ደግሞ፣ ይቺ እንስሳ ዕድሜዋ በገፋ ቁጥር የመሞት ዕድሏ እንደማይጨምር ያሳያል። የጎምፐርትዝ ሕግ እሷ ላይ አልሠራም! ካንሰርም እጅግ አልፎ አልፎ ካልሆነ አይይዛትም። ይህን ባነበብሁበት ሌሊት ተነሥቼ ደጅ ወጣሁ። እርጅና በሥጋ ለባሽ ሁሉ ላይ እኩል የተጻፈ አይደለም ማለት ነው።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 ከኢስተር ደሴት ከተወሰደ አፈር ውስጥ ራፓማይሲን የተባለ መድኃኒት ተገኘ፤ ዛሬ ኩላሊት የተተካላቸው ሰዎች ሰውነታቸው አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋው ይወስዱታል። እ.ኤ.አ. በ2009 ይህ መድኃኒት በ600 ቀን ዕድሜያቸው፣ ማለትም እንደ ሰው ቢቆጠር በስድሳ ዓመት ግድም ላሉ አይጦች ሲሰጥ ረዥሙ ዕድሜያቸው በሴቶቹ 14 በመቶ፣ በወንዶቹ 9 በመቶ ጨመረ። ካረጁ በኋላ ተጀምሮ ነው እንግዲህ። ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ ደግሞ አራት ዘረ መሎችን በማስገባት የጎለመሰን ሕዋስ ወደ ልጅነቱ መመለስ እንደሚቻል አሳይቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ኖቤል ተሸልሟል። አሁን ባለጸጎች በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር የሚያፈሱት ይህን ዘዴ ሰው ላይ ለማዋል ነው።

እንቅፋቱንም አልደብቅም። ራፓማይሲን የሰውነትን መከላከያ ይጫናል። ወደ ልጅነት የተመለሰ ሕዋስ ልጓሙን ከበጠሰ ዕጢ ይሆናል። አይጥን ያኖረ ሁሉ ሰውን አላኖረም። ስቲቨን ኦስታድና ጄይ ኦልሻንስኪ የተባሉ ሁለት የእርጅና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2000 ተወራርደዋል፤ አንደኛው በ2150 የ150 ዓመት ሰው በምድር ላይ ይኖራል ይላል፣ ሁለተኛው አይኖርም ይላል። ገንዘቡን አስቀምጠዋል፤ የሚወስደው የአሸናፊው ዘር ነው። ሁለቱም በቂ ዕውቀት ያላቸው ሰዎች ናቸው። እኔ ግን የኦስታድን ተስፋ ሙሉ በሙሉ አልጋራም። በልጆቼ ዘመን እርጅናን የሚያዘገይ መድኃኒት እንደሚገኝ አምናለሁ፤ ዐሥር፣ ምናልባትም ሃያ የጤና ዓመት ይጨምራል። ሁለት መቶውን ለራሴ ተስፋ ማድረግ ትቻለሁ፤ መመኘቱን ግን አልተውሁም።

ይህን ሁሉ በመጨረሻ ለተማሪዎቼ አስተማርሁ፤ ምኞቴንም ሳልደብቅ። ከኋላ የተቀመጠ የገበሬ ልጅ እጁን አወጣ። «መምህር፣ አባቶቻችን መቶ ሃምሳ ዓመት ከኖሩ እኛ መሬት የምናገኘው ስንት ዓመት ሲሞላን ነው?»

ክፍሉ ጸጥ አለ፤ የሳቀ አልነበረም። መንዝን ለሚያውቅ ሰው ጥያቄው የቤቱ ጥያቄ ነው። በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. ከተደረገው የመሬት ሽግሽግ ወዲህ ወጣት መሬት የሚያገኘው ባብዛኛው ከወላጁ በውርስ ወይም በስጦታ ነው፤ አለዚያ የሰው መሬት እኩል ያርሳል። የእኛ ማሳ ደግሞ ድንጋያማ፣ ጠባብ፣ ውርጭ የሚመታው የገብስ ማሳ ነው፤ ለሁለት ሲከፈል ለሁለቱም አይበቃም። የመሬቱ ደብተር በሽማግሌው ስም ነው። ሽማግሌው እስካለ ልጁ ሠላሳ፣ አርባ ዓመት ሞልቶት የአባቱ እጅ አጋዥ ነው። ሽማግሌውም ይህን ያውቃል። ቆሎውን ያቀረበችለትን ምራት፣ በሬ ጠምዶ የሚመለሰውን ልጁን ያያል፤ ያየውን ግን አይናገርም።

«ሞት ረሳኝ» ያኔ ሌላ መስሎ ተሰማኝ። አያቴን አንድ ማታ እግሯን እያጠብኋት ጠየቅኋት፦ «እማዬ፣ ኪኒኑን አንድ ቀን አታዛንፊ፤ ደግሞ ሞት ረሳኝ ትያለሽ። የትኛው ነው የልብሽ?»

«ታዲያ ልኑር ልኑር ልበል እንዴ? ልጆቹ ምን ይሉኛል!»

ከዚህ የበለጠ አላስረዳችኝም፤ አስፈላጊም አልነበረም። አረጋውያኑ መኖር የጠገቡ ይመስለን ነበር፤ እነሱ ግን እኛን እያዳመጡ ነበር። ፍርሃቴን ደብቄ እንደኖርሁ እነሱም ምኞታቸውን ደብቀው ኖረዋል፤ እኔ ለሃፍረት፣ እነሱ ሸክም ላለመሆን።

ለጥያቄዋም በቁጥር መልስ አገኘሁላት። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ ትልቅ ሙከራ አለ፤ ሃይቬት ይባላል። ዕድሜያቸው 80 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ግፊት ያለባቸው 3,845 ሰዎች ግማሾቹ መድኃኒት፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ተሰጣቸው። መድኃኒቱን በወሰዱት ዘንድ ሞት በ21 በመቶ፣ በአንጎል ደም መፍሰስና መርጋት የሚመጣው ሞት በ39 በመቶ ቀነሰ። ልዩነቱ ስለጎላ ሙከራው ከታቀደለት ጊዜ በፊት ቆመ። ተሳታፊዎቹ ከአውሮፓ፣ ከቻይና፣ ከአውስትራሊያና ኒውዚላንድ፣ እንዲሁም ከቱኒዚያ ነበሩ፤ ከእኛ አካባቢ ማንም የለበትም። ለእማዬ ስነግራት «ከአምስት ሟች አንዱን ያስቀራል» አልኋት። አሰበችና «አንዱ እኔ ልሁና» አለች።

ኪኒኑ ውድ አይደለም። አንዳንድ ወር ግን ይጠፋል፤ ባለፉት ዓመታት በክልላችን ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ደግሞ በገንዘብም አይገኝም። ያን ጊዜ የቀሩትን ፍሬዎች ቀን እየዘለለች ስትውጥ ሳይ፣ በሩቅ አገር እርጅናን ለማቆም የሚፈሰውን ገንዘብ በቁጭት አስበው ነበር። እንዲያቆሙ አልፈልግም። የሚያገኙት ነገር ወደ መንዝ በሚያስገባው መንገድ፣ ታርማ በር ላይ እንዳይቆም ነው የምፈልገው።

የዓይኗንም የሞራ ግርዶሽ አስወገድንላት። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያየችው የራሷን እጅ ነው፤ አገላብጣ አገላብጣ አየችው። በሳምንቱ እንዝርቴን አምጡልኝ አለች። የበግ ጸጉር አባዝታ ስትፈትል፣ ክሩ ሲበጠስ በምራቋ አርጥባ ስትቀጥለው፣ «ሞት ረሳኝ» ማለቷን ቀስ በቀስ ተወችው። ማንም ሳይነግራት ነው የተወችው። በዚያ በጋ የፈተለችው ለአንድ ባና በቃ። ያረፈችው ከዚያ በኋላ ነው፤ በተኛችበት፣ ማንንም ሳታስቸግር። አንድ ሰው መጥቶ ዐሥር ዓመት ልጨምርልሽ ቢላት እንዝርቱን ይዛ እሺ ትለው እንደነበር አልጠራጠርም።

ዘንድሮ ተማሪዎቼን ወደየአያቶቻቸው ላክኋቸው። ዕድሜያቸውን ከጣሊያን፣ ከ66ቱና ከ77ቱ ድርቅ እየተነሡ እንዲያሰሉ፣ ከዚያም ስንት ዓመት መጨመር እንደሚፈልጉ፣ በምን ሁኔታ እንደሚፈልጉ እንዲጠይቁ። ብዙዎቹ መጀመሪያ «በቃኝ» አሉ። ልጆቹ ቆይተው፣ አጠገባቸው ሌላ ሰው በሌለበት ደግመው ሲጠይቁ መልሱ ተለወጠ። ዓይኔ ካየ፣ ጉልበቴ ቤተ ክርስቲያን ካደረሰኝ፣ ራሴን ካወቅሁ የሚሉ ነበሩ። የአንዲት ተማሪ አያት ግን «መሬቱን ለአባትሽ ካስረከብሁ በኋላ የሚጦረኝ ካለ መቶም ልግባ። ከሌለ ያለኝም በዝቷል» ብለዋታል።

የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ አለው፤ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የግል ድርጅት ሠራተኛም አለው። የመንዝ ገበሬ ጡረታ የለውም፤ ጡረታው መሬቱና ልጁ ነው። ተማሪዎቹ ገበሬ ጡረታ ይገባዋል ወይስ አይገባውም በሚለው ላይ ሊከራከሩ ቀን ቆርጠዋል። እኔ በየትኛው ወገን እንደምቆም አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ፤ ያ ከኋላ የሚቀመጠው ልጅ በተቃራኒው ወገን ተመዝግቧል፣ እየተዘጋጀም ነው።